በእጅ የተሳለ የሚመስል የርዕስ ፎንት፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ?

«ሸማ» እና «ሻማ» የሚለያዩት በእግር ርዝመት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ግራ እግሩ ሲያጥር ልብሱ መብራት ይሆናል። ተጫዋች፣ በእጅ የተሳለ የሚመስል የርዕስ ፎንት ስንፈልግ ደግሞ የምንፈልገው ይህንኑ መወዛወዝ ነው፤ አንዱ እግር ረዘም፣ ሌላው አጠር ያለ፣ መስመር ሳይጠብቅ የሚዘል ፊደል። በላቲን ፊደል እንዲህ ያለው ዝላይ ጌጥ ነው፤ አንድ እግር ቢያጥር ፊደሉ ያው ነው። በእኛ ፊደል ግን የእግር ርዝመት አናባቢ ነው። ለላቲን የተጻፈ የፎንት አመራረጥ ምክር ለአማርኛ ርዕስ በቀጥታ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለፖስተር፣ ለማሸጊያ፣ ለጨዋታ መተግበሪያ ወይም ለልጆች ክፍል ማስዋቢያ እንዲህ ያለ ርዕስ የሚያዘጋጅ ሰው በተግባር አምስት መንገዶች አሉት። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቅርጽ ያለው ዝግጁ ፎንት፣ ለአንድ ፊደል ሁለትና ሦስት ተለዋጭ ቅርጽ ያለው ፎንት፣ ቀለምና የብሩሽ ሸካራነት የተቀመጠበት ባለ ቀለም ፎንት፣ ያንን ርዕስ ብቻ በእጅ መሳል፣ ወይም የራስን ሙሉ ፎንት መሥራት። ወደ እነሱ ከመግባታችን በፊት ምን እንደምንለካ እንወስን።

## መመዘኛዎች

አናባቢው ይነበባል ወይ? ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። የሚፈተሹት ቦታዎች አራት ናቸው።

አንደኛው እግር ነው። «በ» እኩል እግሮች አሉት፤ «ባ» ግራው ያጥራል፤ «ቦ» ቀኙ ያጥራል። «ሰ፣ ሳ፣ ሶ» እና «ሸ፣ ሻ፣ ሾ» በዚሁ ይሄዳሉ። ፎንቱ ለጨዋታ ብሎ የ«በ»ን አንድ እግር ትንሽ ካሳጠረ፣ አንባቢው «በ» ይሁን «ባ» የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ነው። ለመመዘን የሚረዳ ልክ አለ፦ የራብዑና የሳብዑ እጥረት ከፊደሉ ቁመት ቢያንስ አምስት አንድ እጅ ይሁን፤ ለጌጥ የሚደረገው መወዛወዝ ደግሞ ከዚያ እጥረት ሲሶ አይለፍ። የፊደሉ ቁመት 50 ሚሊሜትር ቢሆን አጭሩ እግር ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ይጠር፣ መወዛወዙ ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ ማለት ነው።

ሁለተኛው የካዕብና የሣልስ ቅጥያ ነው። ካዕቡ ቀኝ እግር ወገብ ላይ፣ ሣልሱ ቀኝ እግር ግርጌ ላይ ይቀመጣል። በእጅ የተሳለ ፎንት ቅጥያውን ከሁለቱ መካከል ወዳለ ቦታ ካንሸራተተው «ኪስ» የተባለው «ኩስ» ሆኖ ይነበባል። በልጆች መጽሐፍ ሽፋን ላይ ይህ ሊታረም የማይችል ስሕተት ነው፤ መጽሐፉ ታትሞ ወጥቷልና።

ሦስተኛው የኃምስ ቀለበት ነው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት ግርጌው ላይ ያለው ነገር ጭረት ወይም ቀለበት በመሆኑ ነው። ወፍራም ብሩሽ ቀለበቱን ሲሞላው «ቤ» ወደ «ቢ» ይጠጋል። የቀለበቱ ቀዳዳ ከጭረቱ ውፍረት ግማሽ ካነሰ ርዕሱ ሲያንስ ወይም ቀለም ሲጠጣ ይደፈናል። «ጠ» እና «ጨ»ም የሚለያዩት በእግር ቀለበት ስለሆነ በዚሁ ይፈተኑ።

አራተኛው ራስ ላይ የምትጨመረው ሰረዝ ናት፦ «ሰ» እና «ሸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ዘ» እና «ዠ»፣ «ከ» እና «ኸ»፣ «በ» እና «ቨ»። ፊደላቱ ራሳቸው ላይ የጌጥ ጭረት ካላቸው ይህቺ ሰረዝ ከጌጡ ጋር ትምታታለች።

ምን ያህል ፊደል ተሠርቶለታል? 34 የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 238 ይሆናሉ። በዚያ ላይ እንደ «ሏ፣ ሟ፣ ቋ፣ ኳ፣ ጓ» ያሉ ዲቃላዎች፣ የግዕዝ ቁጥሮች ሃያው፣ የተለመዱት አሥር አሃዞች፣ ሥርዓተ ነጥቦች ይጨመራሉ። የተሟላ የአማርኛ ፎንት ከ300 በላይ ቅርጽ ይፈልጋል። ላቲን በትልቁም በትንሹም 52 ፊደል ነው። ብዙ ተጫዋች ፎንቶች ላቲን ብቻ ሆነው የሚቀሩት፣ ከአማርኛዎቹም አንዳንዶቹ ዲቃላ የሚጎድላቸው ከዚህ የሥራ ብዛት የተነሳ ነው።

በስንት መጠን፣ በምን ላይ? ተጫዋች የርዕስ ፎንት ከ24 ፖይንት በታች አይውረድ፤ ለማሸጊያና ለፖስተር ከ36 በላይ ቢሆን ይሻላል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው ቃሉ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቁመት የሚሄድ ጥቅጥቅ ያለ ረድፍ ነው። በሁለት መስመር የሚጻፍ ርዕስ የመስመር ክፍተቱ ከፊደሉ መጠን 130 እስከ 140 በመቶ ይሁን፤ ፊደላቱ የሚዘሉ ከሆነ የላይኛው እግር የታችኛውን ራስ ይነካልና።

ርዕሱ ስንት ጊዜ ይለወጣል? አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር ሽፋንና በየሳምንቱ አዲስ ቃል የሚጻፍበት ተከታታይ ፖስተር አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም።

ፈቃዱ ምን ይላል? ነፃ ተብሎ የወረደ ፎንት «ለግል አገልግሎት ብቻ» ሊሆን ይችላል፤ የሚሸጥ ዕቃ ላይ ማተም ግን የግል አገልግሎት አይደለም። የኮምፒውተር፣ የድረ ገጽ፣ የመተግበሪያና የዓርማ ፈቃድ ለየብቻ የሚሸጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ኤስአይኤል ኦፕን ፎንት ላይሰንስ 1.1 የተባለው የነፃ ፎንት ፈቃድ ካለው ንግድ ላይ መጠቀም፣ ከሰነድ ጋር ማያያዝና ማሻሻል ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። ካሻሻላችሁትና የስም ገደብ ካለው ስሙን መቀየር አለባችሁ።

## በአሥር ደቂቃ የሚደረግ ፈተና

የፎንት ሻጭ ገጽ ላይ ያለው ናሙና ፎንቱን ይሸጣል እንጂ አይፈትነውም። የሚከተሉትን አራት መስመሮች ራሳችሁ ጻፉ፦

በ ባ ቦ ፣ ሸ ሻ ሾ ፣ ሳ ሰ ሶ
ቢ ቡ ቤ ፣ ኬ ኩ ኪ ፣ ሊ ሉ ሌ
ኘ ነ ፣ ሰ ሸ ፣ ዠ ዘ ፣ ቨ በ ፣ ጨ ጠ
ቋ ጓ ሟ ኳ ፣ 2 5 8 ፣ ፩ ፭ ፲ ። ፤ ፦

በመጨረሻው መጠን፣ በጥቁር ብቻ አትሙት። ከዚያ ርዕሱን ያላየ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ፊደላቱ ከቅደም ተከተል ውጭ መሆናቸው አስፈላጊ ነው፤ ቃል ከሆነ አንባቢው ሳያየው ይገምተዋል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች አንድም ፊደል ከተሳሳተ ያ ፎንት ምንም ቢያምር ለልጆች ሥራ አይሁን። ለአዋቂ ፖስተር ግን የተሳሳተው ፊደል ርዕሳችሁ ውስጥ ከሌለ መጠቀም ይቻላል።

ከፊደላቱ መካከል አንዱ በድንገት ቀጥ ያለና ጨዋ ሆኖ ከታየ ፎንቱ ያንን ፊደል የለውም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ክፍተቱን በራሱ ፎንት ሞልቶታል፤ በዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ በኒያላ ወይም በኤብሪማ፣ በማክ በከፋ። ላቲን ብቻ ባለው ፎንት አማርኛ ስትጽፉ ደግሞ ርዕሱ በሙሉ እንዲሁ ይሆናል። የፎንቱ ስም ከላይ ስለሚታይ ሰዎች አይጠራጠሩም፤ ፊደላቱ ግን የሌላ ናቸው።

አንድ የቆየ ወጥመድም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከእነሱ መካከል ዘና ያሉ የርዕስ ቅርጾች ስላሉ እስከ ዛሬ ይዘዋወራሉ። በዩኒኮድ ኪቦርድ ስትጽፉባቸው አይሠሩም፤ የላቲን ቁልፍ ስትነኩ ግን የአማርኛ ቅርጽ ያወጣሉ። ለሚታተም ሽፋን ወደ መስመር ቅርጽ (የሚጻፍ ፊደል መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ወደሚሆንበት) ለውጦ መጠቀም ይቻላል። ለድረ ገጽ፣ ለመተግበሪያና ለሰነድ ርዕስ ግን አይሆኑም፤ ፎንቱ የሌለው ሰው የሚያየው ትርጉም የሌለው የላቲን ዝርዝር ነው፣ የፍለጋ ሞተርም አያነበውም።

## አንድ ቅርጽ ያለው ዝግጁ ፎንት

ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ጻፉ፣ መጠኑን አስተካክሉ፣ ጨርሱ። ጥራቱን የሚወስነው ከፈተናው ማለፉና ክፍተቱ ነው። 300 ቅርጽ ያለው ፎንት 90,000 የጥንድ ዓይነት ስላለው ሠሪው ሁሉንም ጥንድ አይቶታል ብላችሁ አትጠብቁ። በተለይ እንደ «ገ»፣ «ፐ»፣ «ቶ» ያሉ ከግርጌያቸው ሰፊ ባዶ ቦታ የሚተዉ ፊደላት ጎረቤታቸውን የራቁ ይመስላሉ። ርዕሱን ገልብጣችሁ፣ ላዩ ታች ሆኖ እዩት፤ ቃሉ ስለማይነበብ ዓይን ክፍተቱን ብቻ ያያል። ከዚያ ጥንድ በጥንድ አጥብቡ።

ይህን ፎንት ሕያው ለማድረግ ሰዎች ፊደላቱን አንድ በአንድ ያዘነብላሉ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋሉ። እስከ 3 ዲግሪ ማዘንበልና ከቁመቱ 3 እስከ 5 በመቶ መግፋት በቂ ነው። የሚገፋው ሙሉው ፊደል እንጂ እግሩ ለብቻው ስላልሆነ አናባቢው አይነካም። አንዱን ፊደል ከሌላው ማሳደግ ግን ሳይታሰብ ችግር ያመጣል፤ የጭረቱ ውፍረትም አብሮ ስለሚያድግ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ የአንድ እጅ ሥራ መሆኑ ይጠፋል።

## ተለዋጭ ቅርጾች ያሉት ፎንት

አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ የመጣ ፊደል ነጥብ በነጥብ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ እጅ እንዳልሳለው ወዲያው ይታወቃል። ለዚህ ኦፕንታይፕ የተባለው የፎንት ፋይል ዓይነት ለአንድ ፊደል ብዙ ቅርጽ አስቀምጦ እንደ ጎረቤቱ እንዲቀያየር ያስችላል።

ላቲን ላይ ይህ ግዴታ ማለት ይቻላል፤ በ26 ፊደል የሚጻፍ ቃል አንዱን አናባቢ ሦስት ጊዜ ሊደግም ይችላል። አማርኛ ላይ ግን አናባቢው ፊደሉ ውስጥ ስለሆነ መደጋገሙ በጣም ያንሳል። እንደ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጫጫታ» ያሉ ቃላት ባይኖሩ ሦስትና አራት ቃል ያለው ርዕስ አንድን ቅርጽ ሁለቴ ሳይጠቀም ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም ፊደል ሦስት ሦስት ቅርጽ አለው ለሚል ፎንት ተጨማሪ ከመክፈላችሁ በፊት ርዕሳችሁን ቁጠሩ። በብዛት የሚደጋገሙት እንደ «ን፣ ት፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ል» ያሉ ሳድሶች ናቸው። ለእነሱና ለ«የ»፣ «በ»፣ «አ» ሁለተኛ ቅርጽ ካለ ለአማርኛ ርዕስ ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር ፕሮግራሙ ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ ይህን መቀያየር ከ2010 እትም ጀምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን ከፎንት መስኮቱ የላቀ ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ ካልከፈታችሁት ዝግ ነው። የገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይንና ብራውዘሮች በራሳቸው ይከፍቱታል። ቀላል የፖስተር መሥሪያ መተግበሪያዎች ላይ ግን ማብሪያው ላይኖር ይችላል፤ ያኔ የምታገኙት የመጀመሪያውን ቅርጽ ብቻ ነው፣ የከፈላችሁበት ጥቅምም አይደርሳችሁም። ርዕሱን ካጸደቃችሁ በኋላ ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ቅርጾቹ ሊቀያየሩ ስለሚችሉ ወደ መስመር ቅርጽ ለውጡት።

ተለዋጩን ስትፈትሹ የ«ሸ» ተለዋጭ ከ«ሻ» ጋር እንዳይምታታ እዩ። ሠሪው ለልዩነት ሲል እግር አሳጥሮ ከሆነ ፈተናው የሚወድቀው እዚህ ነው።

## ባለ ቀለም ፎንት

የውኃ ቀለም፣ የጠመኔ ብናኝ፣ የክሬዮን ሸካራነት ሳይቀር ይዞ የሚመጣ ነው። ስክሪን ላይ ያምራል። ሆኖም ቀለሙ ብዙውን ጊዜ አብሮ የተሰፋ ስለሆነ መቀየር ያስቸግራል፤ ለአንድ ቀለም ኅትመት፣ ለማኅተም፣ ለጥልፍና ለተቆራጭ ስቲከር አይሆንም። አንዳንዶቹ ሥዕል ስለሆኑ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲጎተቱ ይደበዝዛሉ። ብራውዘሮችም አይስማሙም፤ በኤስቪጂ (የሥዕል ፋይል ዓይነት) የተሠራውን ፋየርፎክስና ሳፋሪ ሲያሳዩ ክሮም አያሳየውም። ለአማርኛ ሲሆን 300 ቅርጽ በሙሉ በሥዕል ስለሚያዝ ፋይሉ ይከብዳል። ለአንድ የማኅበራዊ ገጽ ሥዕል ተጠቅማችሁበት ሥዕሉን ብቻ ብታወጡ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ ላይ አይመከርም።

## ርዕሱን ብቻ በእጅ መሳል

ለአንድ የመጽሐፍ ሽፋን ወይም ለዓርማ ከሁሉ የሚልቀው ይህ ነው። አሥራ ሁለት ፊደል ያለው ርዕስ አሥራ ሁለት ሥዕል እንጂ ሦስት መቶ አይደለም። ክፍተቱ ለዚያ ቃል ብቻ ይስተካከላል፤ የአንዱ እግር በሌላው ባዶ ቦታ ሥር ሊገባ፣ የ«ሎ» ቀለበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ፎንት ይህን አያደርግም። አናባቢውንም የሚጠብቀው የሳለው ሰው ዓይን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ርዕሱን በተለመደ የዩኒኮድ ፎንት ጽፋችሁ አትሙ፤ የፊደሉ አጥንት እንዳይጠፋባችሁ ነው። 3 ሴንቲሜትር በሚሆን ስፋት አራት አምስት ትንንሽ ንድፍ ሠርታችሁ አንዱን ምረጡ። ከዚያ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ፣ ከመጨረሻው መጠን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ በእርሳስ ሳሉ። ሦስት መስመር አስምሩ፦ የራስ መስመር፣ የእግር መስመር፣ በመካከላቸው ደግሞ አጭር እግር የሚቆምበት መስመር። ይህ ሦስተኛው መስመር ሁሉንም ነገር ያድናል። ረጅም እግሮች ከእግር መስመሩ ወጣ ገባ ቢሉ ችግር የለውም፤ አጭር እግር ግን ከሦስተኛው መስመር በታች አይውረድ።

ቀለሙን ቀቡ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ እርሳሱን አጥፉ። ሳይደርቅ ላጲስ ከነካው ጭረቱ ይሰራጫል። በ600 ዲፒአይ፣ በግራጫ ስካን አድርጉ። በስልክ ካሜራ ማንሳት ጥላና የጎን መጣመም ያመጣል፤ ሌላ ከሌለ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ ከራቅ ብሎ፣ በመስኮት ብርሃን አንሱ። ጥቁርና ነጭ ብቻ እስኪሆን ንፅፅሩን ጨምሩና እንደ ኢንክስኬፕ ባለ ፕሮግራም ወደ ቬክተር (በነጥቦችና በሚያገናኟቸው መስመሮች ወደተሠራ ሥዕል) ለውጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። አውቶማቲክ ለዋጩ የወረቀቱን ቃጫ ሳይቀር እንደ ቅርጽ ቆጥሮ ለአንድ ፊደል መቶዎች ነጥብ ያወጣል። ለለሰለሰ ፊደል ከ20 እስከ 40 ነጥብ ይበቃል። ትርፉን ካላጸዳችሁ የስቲከር መቁረጫው ምላጭ በእያንዳንዱ ነጥብ እየተንቀጠቀጠ ቪኒሉን ይቀድዳል፣ ቀለበቶችም ይበጣጠሳሉ። ለጥልፍ ደግሞ ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ ጭረት አታስገቡ። ለወረቀት ኅትመት ከ0.25 ፖይንት የቀጠነ መስመር ሊሰበር ይችላል፤ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ከዳር ስለሚገባበት እጥፍ ይሁን።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ርዕሱ ሲቀየር ሥራው እንደገና ይጀመራል። ደራሲው ሊታተም ሲል አንድ ቃል ከለወጠ ሠዓሊው እንደገና ይጠራል። ስለዚህ ርዕሱ በጽሑፍ ሳይጸድቅ መሳል አይጀመር።

## የራስ ሙሉ ፎንት

ተከታታይ መጽሐፍ፣ ብዙ ምርት ያለው ማሸጊያ ወይም ጽሑፉ ሁልጊዜ የሚቀያየር ጨዋታ ካላችሁ ይህ ያዋጣል። አንድ ፊደል ለመሳልና ለማጽዳት አሥር ደቂቃ ቢፈጅ 300ው 50 ሰዓት ነው፤ ክፍተት ማስተካከሉና ፍተሻው ከዚህ አያንስም። እንደ ፎንትፎርጅ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ስላሉ ዋናው ወጪ ጊዜ ነው።

ሥራን ለማሳጠር ሰዎች 34ቱን ግዕዝ ብቻ ይስሉና አንድን ቅጥያ እየገለበጡ ካዕብና ሣልስ ያደርጋሉ። ፎንቱ ያኔ የማኅተም መልክ ይይዛል፤ «ሉ፣ ሙ፣ ሱ» አጠገብ ለአጠገብ ሲመጡ ያቺው ጭረት ሦስት ጊዜ ትታያለች። ቢያንስ አራት ዓይነት ቅጥያና አራት ዓይነት ቀለበት ሳሉና አፈራርቁ። ቦታቸው ግን አይቀየር፤ የካዕብ ቁመት፣ የሣልስ ቁመትና የአጭር እግር መስመር ለሁሉም አንድ ቁጥር ይሁን። በ1,000 አሃድ ሰሌዳ ላይ የፊደሉ ቁመት 700 ከሆነ አጭሩ እግር ከመሠረቱ 150 አካባቢ ላይ ይቁም፣ ረጅሙ ከመሠረቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ45 በላይ አይወዛወዝ።

ሸካራ ጠርዝ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ያስብ። በ30 ነጥብ የተሠሩ 300 ፊደላት 9,000 ነጥብ ናቸው፤ በ400 ነጥብ ከሆነ 120,000። ድረ ገጽ ላይ ይህ ልዩነት የሚታይ መዘግየት ነው። ለድረ ገጽ ርዕስ የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ ለይታችሁ በዎፍ 2 (ለድረ ገጽ የተጨመቀ የፎንት ፋይል) ብትጭኑ ይቀልላል።

## በምን የተሳለ ይምሰል?

መንገዱ ከተመረጠ በኋላ የመሣሪያው ጥያቄ ይመጣል። የማርከር ፊደል፣ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ የሆነው፣ ለፊደላችን ከሁሉ ይመቻል፤ ቀለበቱም ቅጥያውም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ብሩሽ ሕይወት አለው፣ ግን የውፍረቱ አቅጣጫ ይታይ። በመቃ ብዕር የተጻፈው የግዕዝ ጽሕፈት ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው፤ ዓይናችን የለመደው ያንን ነው። በላቲን ብሩሽ አያያዝ ተሰልቶ አግድሙ የወፈረ የአማርኛ ፊደል ራሱ የከበደ፣ እግሩ የሰለለ ይመስላል።

ጠመኔ ለጥቁር ሰሌዳ መልክ ያምራል፤ ስክሪን ላይ ግን ብናኙ ንፅፅሩን ይቀንሳል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ንፅፅር ይበቃል ቢልም፣ ለጠመኔ ፊደል ለተራ ጽሑፍ የተቀመጠውን 4.5 ለ 1 ጠብቁ። በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት የሚመስለው ቅርጽ ለፖስተር ብርቱ ነው፤ ማዕዘናም ቀለበት ስላለው «ጨ» እና «ቋ» ላይ ፈትኑት። አረፋ የሚመስለው እብጥ ያለ ፊደል ግን ለላቲን እንጂ ለእኛ አስቸጋሪ ነው። የውስጥ ክፍተቱ ሁሉ ይዘጋል፣ «ሜ» እና «ሚ» አንድ ይሆናሉ። ከሁለት ሦስት ቃል ላልበለጠ፣ በጣም ትልቅ ለሆነ ርዕስ ካልሆነ ባይመረጥ ይሻላል።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | አንድ ቅርጽ | ተለዋጭ ቅርጽ | ባለ ቀለም | በእጅ የተሳለ ርዕስ | የራስ ፎንት |
|---|---|---|---|---|---|
| አናባቢ መጠበቅ | በፈተና ይታወቃል | ተለዋጩም ይፈተን | በፈተና ይታወቃል | በሠዓሊው እጅ | በእናንተ እጅ |
| የእጅ ሥራ መልክ | መካከለኛ | ጥሩ | ስክሪን ላይ ከፍተኛ | ከሁሉ የላቀ | ጥሩ |
| ጽሑፍ መቀየር | ወዲያው | ወዲያው | ወዲያው | እንደገና መሳል | ወዲያው |
| ስቲከርና ጥልፍ | ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ | ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ | አይሆንም | ነጥቡ ከጸዳ በጣም ጥሩ | ጥሩ |
| ሥራ | ደቂቃዎች | ደቂቃዎችና የማብሪያ ፍተሻ | ደቂቃዎች | ቀናት | ሳምንታት |
| ወጪ | ነፃ ወይም ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | የሠዓሊው ክፍያ | ከፍተኛ፣ በተለይ ጊዜ |

## ለማን የቱ?

ገንዘብ ከሌለና ሥራው የአንድ ቀን ፖስተር ከሆነ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ያለው፣ ፈተናውን ያለፈ አንድ ቅርጽ ያለው ፎንት ውሰዱና ፊደላቱን በትንሹ አወዛውዙ። ጥሩ ካላገኛችሁ ርዕሱን በወፍራም ማርከር ጽፋችሁ ስካን ማድረግ ከማይነበብ ፎንት ይበልጣል፤ አሥር ፊደል ነውና።

ለልጆች መጽሐፍ ሽፋን ገንዘቡ ለሠዓሊ ይዋል። ውስጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፊደል እየለየ ያለ ልጅ የሚያነበው ገጽ በተለመደው ቅርጽ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ባለ የጽሑፍ ፎንት ይሁን። ተጫዋቹ ፊደል ሽፋንና የምዕራፍ ርዕስ ላይ ይቆይ።

ለማሸጊያ ስሙን አስሉት፣ የጣዕሙን ወይም የዓይነቱን ስም በሚቀራረብ ዝግጁ ፎንት ጻፉ፤ ጭረታቸው በመጨረሻው መጠን እኩል ውፍረት ይኑረው። የይዘት ዝርዝር፣ የአጠቃቀም ማስጠንቀቂያና የማብቂያ ቀን በዚህ ዓይነት ፎንት በጭራሽ አይጻፉ። ለመድኃኒት፣ ለውል፣ ለቅጽና ለመንገድ ምልክትም እንዲሁ። ኮሚክ ሳንስን ቪንሰንት ኮኔር ማይክሮሶፍት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የሠራው የካርቱን ገጸ ባሕርይ በስክሪን ላይ ለሚናገርበት የንግግር አረፋ ነበር፤ ስሙ የከፋው ያለቦታው በማስጠንቀቂያና በደብዳቤ ላይ ሲገኝ ነው። ፎንቱ ለታሰበለት ሥራ ይሠራል።

ለጨዋታ መተግበሪያ ጽሑፉ ስለሚቀያየር ፎንት ያስፈልጋል፤ ዲቃላዎቹ መኖራቸውንና ፈቃዱ መተግበሪያ ውስጥ ማስገባትን መጥቀሱን አረጋግጡ። አዝራር ላይ የሚታየው መጠን ካነሰ እዚያ ላይ ተራ ፎንት ተጠቀሙ። በአማርኛና በላቲን ጎን ለጎን የሚጻፍ ርዕስ ካላችሁ ምርጫው ከአማርኛው ይጀምር። ለእሱ የሚስማማ ላቲን ማግኘት ቀላል ነው፤ ተገላቢጦሹ ግን እምብዛም አይሳካም። ሁለቱን ስታስተካክሉ ቁመታቸውን ሳይሆን የጭረታቸውን ውፍረት አስተያዩ፤ ላቲኑ ከአማርኛው ትንሽ ያነሰ ሆኖ ውፍረቱ ሲገጥም አንድ እጅ የጻፋቸው ይመስላሉ።

ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ስትልኩ ሁለት ቅጂ ይኑር። አንዱ ፊደሉ ሊታረም የሚችልበት፣ ሌላው ወደ መስመር ቅርጽ የተለወጠ። ከእነሱ ጋር ርዕሱ በተራ ፎንት የተጻፈበት አንድ ገጽ አያይዙ፤ አራሚው ሥዕሉን ከጽሑፉ ጋር ፊደል በፊደል የሚያስተያየው በዚያ ነው።